የመቅኔ ካንሰር መድኃኒት ወደ ቤት ሲገባ

ቸርችል ጎዳና አጠገብ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነኝ። መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር ያለባቸውን ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ልጆች ማዘዣ ይዘው ሲመጡ የምነግራቸው ይህን ነው።

ሌናሊዶማይድ አብዛኛውን ጊዜ 21 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይቋረጣል፤ የዕረፍቱን ቀናት በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቧቸው። ካፕሱሉ ሙሉውን ይዋጣል፤ አይከፈትም፣ አይታኘክም። የታሊዶማይድ ዘመድ ስለሆነ ፅንስን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። ደምም ሊያረጋ ይችላል። አንድ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቦርቴዞሚብ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ መርፌ ነው። የካንሰሩ ሕዋስ የተበላሸ ፕሮቲኑን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋበታል፤ ሕዋሱ ጥራጊው እንዳልወጣለት ቤት ታፍኖ ይሞታል። አረንጓዴ ሻይ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክም እንደሚችል በቤተ ሙከራ ስለታየ ይቅርባቸው። መርፌው ነርቭንም ይጎዳል። አባት ሲጠየቅ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ጣቶቹን ተመልከቱ። ከደነዘዙ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። አልማዝ ባለጭራን ለመከላከል የታዘዘ አሲክሎቪር ካለም፣ ቁስል የለም ተብሎ አይቋረጥ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ግን አንድ ነገር ነው፦ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙላቸው። በሽታው ራሱ ኩላሊት ያጠቃል፤ እነዚህ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሱበታል። ማስታገሻውን ሐኪማቸው ይምረጥ።