አንድ ዶሜይን ለብዙ የክላውድ አካውንት፦ ኢሜይል ስንልክ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለሙከራ አንድ፣ ለዋናው ሥራ አንድ፣ ለማርኬቲንግ ደግሞ ሌላ። የአማዞን ክላውድ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ሥራቸውን በተለያዩ አካውንቶች መከፋፈላቸው የተለመደ ነው። ጥሩ ልማድም ነው። ኢሜይሉ ግን ከየትኛውም አካውንት ቢነሳ የሚወጣው በአንዱ በድርጅቱ ዶሜይን (አድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ በሚመጣው ስም) ነው። የአማዞን የኢሜይል መላኪያ ኤስኢኤስም ያንኑ ዶሜይን ሁለት ሦስት አካውንት ላይ ቬሪፋይ ብታደርጉት (የእናንተ መሆኑን ብታረጋግጡ) አይከለክላችሁም። ስለማይከለክል ብዙ ሰው ሳያስብበት ይገባበታል።

አካውንት ከተለየ ስምም ይለያል ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ጂሜይል የአካውንት ቁጥራችሁን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዶሜይናችሁን ነው። ጎግል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን ወደ 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል በሚልኩ ላይ ጠበቅ ያለ ደንብ አውጥቷል። ቁጥሩን የሚደምረው ደግሞ በዋናው ዶሜይን ነው፤ ሰብዶሜይን (ከዋናው ዶሜይን ፊት ሌላ ስም የተጨመረበት ቅርንጫፍ) ብትጠቀሙም አብሮ ይቆጠራል። ሦስት አካውንቶች እያንዳንዳቸው 2,000 ቢልኩ ለጎግል 6,000 ነው። አንዴ እዚያ መደብ ውስጥ ከገባችሁም ነገ ቁጥሩን በመቀነስ አትወጡም።

የስፓም አቤቱታም እንደዚሁ ነው። ጎግል ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፣ 0.3 በመቶ እንዳይደርስም ያስጠነቅቃል። ማርኬቲንጉ የቆየ የአድራሻ ዝርዝር አውጥቶ ቅናሽ ሲያስተዋውቅ፣ ጦሱ ደንበኛው ለሚጠብቀው የፓስዎርድ መቀየሪያ ኢሜይል ይተርፋል። ቢያንስ ማስታወቂያውን በራሱ ሰብዶሜይን አድርጉት። ሙሉ በሙሉ ባይለይም ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሁለተኛ የኤስፒኤፍ ሬከርድ መጨመር

ኤስፒኤፍ በዶሜይናችሁ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚዘረዝር፣ ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መዝገብ) ውስጥ የሚጻፍ ሬከርድ ነው። አዲስ አካውንት ሲመጣ አዲስ ኤስፒኤፍ የሚጨምር አይጠፋም። አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚገባው አንድ የኤስፒኤፍ ሬከርድ ብቻ ነው። ሁለት ከሆነ ተቀባዩ እንደ ስህተት ይቆጥረውና ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ኤስፒኤፉ ውስጥ የሚገባው የአማዞን መግለጫ ለሁሉም አካውንቶች አንድ ስለሆነ መጀመሪያውኑም መድገም አያስፈልግም ነበር።

ሌላም አለ። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው ሰው የሚያየውን የላኪ አድራሻ ሳይሆን ከጀርባ ያለውን የመመለሻ አድራሻ ነው። ኤስኢኤስ ላይ ይህ አድራሻ ካልቀየራችሁት የአማዞን ነው። ስለዚህ የራሳችሁን የመመለሻ ሰብዶሜይን አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አንዱን ሰብዶሜይን ሁለት ሪጅን (የአማዞን ሰርቨሮች የሚገኙበት አካባቢ) ላይ መጠቀም ግን አይሠራም። ኤምኤክሱ (የሚመለሰው መልእክት ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ሬከርድ) ወደ አንድ ሪጅን ብቻ ነው የሚያመለክተው፣ ኤስኢኤስም እዚያ ላይ ከአንድ በላይ ኤምኤክስ አይፈልግም።

የዲኪም ሬከርዶችን "ማጽዳት"

ዲኪም ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይናችሁ መምጣቱን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ነው። ለዚህም ኤስኢኤስ ለየአካውንቱና ለየሪጅኑ የራሱን ሦስት ሲኔም (ወደ ሌላ ስም የሚጠቁም የዲኤንኤስ ሬከርድ) ይሰጣል። ስማቸው ስለሚለያይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይጋጩም። ችግሩ ከወራት በኋላ አንዱ ዲኤንኤሱን ሲያይ ነው። ዝብርቅርቅ ፊደል የተጻፈባቸው ዘጠኝ ሬከርዶች ያገኝና "የተደጋገመ ነው" ብሎ ስድስቱን ይሰርዛል። የትኛው የየትኛው አካውንት እንደሆነ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሁሉም አካውንት ላይ ዶሜይኑን ቬሪፋይ ማድረግ

ዋናውን ዶሜይን ቬሪፋይ ያደረገ አካውንት በዶሜይኑ ሥር ባለ በማንኛውም አድራሻ፣ በሥራ አስኪያጁም ስም ቢሆን፣ መላክ ይችላል። ሰብዶሜይኖቹም ይጨመራሉ። ታዲያ የሙከራ አካውንት ይህን ሁሉ ሥልጣን ምን ያደርግለታል? የአካውንቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ አንድ ቀን ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ቢወጣ ማን በስማችሁ እንደሚጽፍ አስቡት።

ዶሜይኑን አንድ አካውንት ይያዘውና ለሌሎቹ በፖሊሲ ፈቃድ ይስጥ። ፖሊሲው "ከዚህ አድራሻ ብቻ" ብሎ መገደብ ይችላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ፈቃዱ የሚሠራው ዶሜይኑ ቬሪፋይ በተደረገበት በዚያው ሪጅን ነው። ላኪው የባለቤቱን የዶሜይን ኤአርኤን (አማዞን ለዶሜይኑ የሰጠውን መለያ) መጥቀስ አለበት፤ ካልጠቀሰ አድራሻው ቬሪፋይ አልተደረገም የሚል መልስ ያገኛል። ኮታው የሚቆጠረው በላኪው ላይ ነው፣ ባውንሱና (ሳይደርስ የተመለሰው መልእክት) አቤቱታውም እዚያው ይመዘገባል። ላኪው ገና ሳንድቦክስ (የአዲስ አካውንት የሙከራ ገደብ) ውስጥ ከሆነም ፈቃዱ አያስወጣውም። በ24 ሰዓት 200 መልእክት፣ ያውም ቬሪፋይ ለተደረጉ ተቀባዮች ብቻ።

የማይላክላቸውን ሰዎች ዝርዝር ለየብቻ መያዝ

አንድ አድራሻ የለም ተብሎ ሲመለስ ኤስኢኤስ በአካውንቱ የእገዳ ዝርዝር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ዝርዝሩ ግን የዚያ አካውንትና የዚያ ሪጅን ብቻ ነው። ጎረቤት ያለው አካውንት አያየውም፣ እዚያው የሞተ አድራሻ ላይ ደግሞ ይልካል። ባውንስ 5 በመቶ ሲደርስ አማዞን አካውንቱን ክትትል ውስጥ ያስገባል፤ 10 በመቶ ካለፈ መላክ ሊያስቆም ይችላል።

"አትላኩልኝ" ያለ ሰው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ከአንዱ አካውንት ራሱን አስወጥቶ በማግስቱ ከሌላው ኢሜይል ሲደርሰው ሌላ ቅጽ አይፈልግም፤ ስፓም የሚለውን ይጫናል። የየአካውንቱን የባውንስና የአቤቱታ ማሳወቂያ፣ የመውጫ ጥያቄዎቹንም፣ ወደ አንድ ማዕከላዊ ዝርዝር ሰብስቡ። ማንኛውም አካውንት ከመላኩ በፊት ያንን ይይ።

ዲማርክን በችኮላ ማጥበቅ

ዲማርክ በዶሜይናችሁ ስም የመጣ ኢሜይል የኤስፒኤፍም የዲኪምም ፈተና ካላለፈ ተቀባዩ ምን ያድርግበት የሚል ፖሊሲ ነው። ሁሉም አካውንት ዲኪሙን ሳያስተካክል ይህን ፖሊሲ "ውድቅ አድርግ" ላይ ማድረግ የተረሳውን አካውንት ኢሜይል ያስጥላል። መጀመሪያ በክትትል ብቻ አስቀምጡትና ሪፖርቶቹን አንብቡ። ለየአካውንቱ የተለየ የመመለሻ ሰብዶሜይን የሰጣችሁ እንደሆነ እዚህ ይጠቅማችኋል፤ ሪፖርቱ ላይ ስሙ ስለሚወጣ ማን እንደላከ ትለያላችሁ።

አካውንቱን ዘግቶ ሬከርዱን መተው

አካውንት ሲዘጋ ሲኔሞቹ፣ የመመለሻው ኤምኤክስና ኤስፒኤፍ፣ ፖሊሲው ላይ የተሰጠው ፈቃድም አብረው ይነሱ። ይህን አካውንቱን በሚዘጋው ሰው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ዲኤንኤሱን የያዘው ቡድን ብዙ ጊዜ ሌላ ስለሆነ፣ ካልተነገረው አያውቅም።