በአሜሪካ ደቡብ የገጠር ከተሞች የታሪክ ታፔላ እንዴት ይነበባል?

በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በሚሲሲፒ ወይም በሉዊዚያና ገጠር ስትነዱ በመንገድ ዳር ወይም በፍርድ ቤት ደጃፍ በምሰሶ ላይ የቆመ የብረት ታፔላ ማየታችሁ አይቀርም። ብዙ መንገደኛ ርዕሱን አንብቦ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እናንተ ግን ከመጨረሻው መስመር ጀምሩ። ማን እንዳቆመውና መቼ እንደቆመ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቆዩት የጆርጂያ ታፔላዎች ላይ ቁጥርም አለ። የፊተኞቹ ሦስት አሃዞች ካውንቲውን (በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ያለውን የአስተዳደር ወረዳ) ያመለክታሉ። ካውንቲዎቹ በፊደል ተራ ስለተቆጠሩ 044 ዲካልብ ነው፤ ሐበሻ የማይጠፋባት ክላርክስተን ያለችበት።

የቆመበት ዓመት ለምን ያስፈልጋል? የሉዊዚያናዋን ትንሽ ከተማ ኮልፋክስን ተመልከቱ። በ1950 የቆመው ታፔላ የኤፕሪል 13 ቀን 1873ን እልቂት «ሁከት» ይለው ነበር። ሦስት ነጮችና 150 ጥቁሮች «ተገደሉ» ይላል፤ ገዳዩን ግን አይጠራም። ጭራሽ ዕለቱን ከሰሜን የመጡ ሰዎች ብልሹ አገዛዝ ያበቃበት ቀን አድርጎ ያሞግሰዋል። የሆነው ሌላ ነው፦ የታጠቁ ነጮች ፍርድ ቤቱን ይጠብቁ በነበሩ ጥቁሮች ላይ ዘመቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተገደሉት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። ታፔላው በ2021 ተነሣ፤ በ2023 ሌላ መታሰቢያ ቆመ። አሮጌው ጽሑፍ ከ1873 ይልቅ የ1950ን አስተሳሰብ ያሳያል። ስለዚህ አድራጊው የጠፋበት ግሥ ወይም ስም የሌለው የሟቾች ቁጥር ሲያጋጥማችሁ በማስታወሻችሁ ያዙትና በካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ በሚያቀርባቸው የድሮ ጋዜጦች አመሳክሩ። ጋዜጦቹም ቢሆኑ ወገን አላቸው፤ አንዱን ብቻ አትመኑ።

ጀርባውንም እዩ። «ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ» የተባለው የመብት ድርጅት የሚያቆማቸው ታፔላዎች በአብዛኛው በአንዱ ገጽ የአካባቢውን ግድያ፣ በሌላው የመላ አገሪቱን ታሪክ ይይዛሉ። አንዱን ገጽ ብቻ ፎቶ ያነሣ ሰው ግማሹን ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

ቀለሙ የለቀቀ ከሆነ በቀትር ፎቶ አታንሡት። ፊደሎቹ ከብረቱ ወጣ ያሉ ስለሆኑ ጥላ ሲያገኙ ይነበባሉ፤ የስልካችሁን መብራት ከጎን አስጠግታችሁ ያዙ። አቧራውን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። የሽቦ ብሩሽ የቀረውን ቀለም ይልጠዋል።

ምሰሶው ብቻ ቆሞ ካገኛችሁ ቦታ ተሳስተናል ብላችሁ አትመለሱ። በ1955 በነጮች የተገደለው የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤሜት ቲል አስከሬን ከወንዝ የወጣበትን ቦታ የሚያመለክተው፣ ከሚሲሲፒዋ ግሌንዶራ አጠገብ ያለው ታፔላ ተሰርቋል፣ በተደጋጋሚም በጥይት ተበሳስቷል፤ በ2019 ጥይት የማይበሳውና ከ500 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ተተከለ። የጠፋ ታፔላ ጽሑፍና የቦታው የጂፒኤስ ቁጥር ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች በሚሞሉት ኤችኤምዲቢ (HMDB) በተባለው የታሪክ ታፔላዎች ድረ ገጽ ይገኛል።

በመጨረሻ፣ ታፔላው የቆመበት ቦታ ሁልጊዜ ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ አይደለም። በተለይ በሰሜን ካሮላይና የሚቆመው በአውራ ጎዳና ላይ ነው፤ እውነተኛው ቦታ በያርድ ወይም በማይል ከነአቅጣጫው ይጻፋል። «200 ያርድ ወደ ምዕራብ» ካለ 180 ሜትር ገደማ ነው። ያ መሬት የግል ሊሆን ይችላል። በሰሜን ካሮላይና፣ በቴክሳስና በአርካንሳስ በዛፍ ወይም በአጥር እንጨት ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ እኩል በሕግ ይሠራል። ካያችሁት ከመንገዱ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ፣ ወይም ባለቤቱን አስፈቅዱ።