በልጃችሁ ክትባት ውስጥ ምን አለ? ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ የሚጠየቅና የሚታይ

«አሉሚኒየም አለበት፣ ሜርኩሪ አለበት፣ አእምሮ ያዘገያል» የሚለው ወሬ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በየካ አባዶ ግቢዎች ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ወደ ሕፃን ሰውነት የሚገባውን መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው። ነገር ግን «አለበት ወይስ የለበትም» ብሎ ማቆም አይበቃም። በየትኛው ክትባት? ምን ያህል? ለምን ገባ? ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ የክትባት ካርዱን አውጡ። ሲወለድ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) እና የፖሊዮ ጠብታ፤ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ፀረ አምስት (ፔንታ)፣ የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ) እና ፖሊዮ፤ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ በአፍ የሚሰጥ ሮታ (የተቅማጥ መከላከያ)፤ በ9ኛና በ15ኛ ወር ኩፍኝ። ወሬውን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

አሉሚኒየም ያለው በፔንታና በፒሲቪ ውስጥ ነው፤ ሥራው የሰውነትን መከላከያ ማንቃት ነው። በአንድ 0.5 ሚሊ ሊትር ፔንታ ውስጥ መጠኑ ከ1.25 ሚሊ ግራም አይበልጥም። «በጡት ወተትም አለ» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ብቻውን አያሳምንም፤ ከምግብ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የተሻለው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2025 ከዴንማርክ የወጣው ጥናት ነው። 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ኦቲዝምን (የልጅን መግባባትና ባህሪ የሚነካ የአእምሮ እድገት ችግር) ጨምሮ በ50 የጤና ችግሮች ላይ በክትባት አሉሚኒየም ምክንያት የጨመረ አደጋ አላገኘም።

ሜርኩሪ የሚባለው ቲዮመርሳል ነው። ብዙ ልጅ በሚከተብበት ብልቃጥ ውስጥ፣ ክዳኑ በመርፌ በተወጋ ቁጥር ጀርም እንዳያድግ በጥቂቱ ይጨመራል። ከዚህ የሚወጣው ኢቲል ሜርኩሪ በሕፃን ደም ውስጥ ከ4 ቀን ባነሰ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ግን ከወር በላይ ይፈጅበታል። በኩፍኝ፣ በቢሲጂ፣ በፖሊዮ ጠብታና በሮታ ውስጥ ቲዮመርሳል የለም፤ እነዚህ የተዳከመ ሕያው ጀርም የያዙ ክትባቶች ስለሆኑ ቲዮመርሳል ይገድላቸዋል። ስለዚህ «የኩፍኙ ሜርኩሪ» የሚለው ወሬ ከመነሻው ስህተት ነው።

የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነበር፤ ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን አይቶ ግንኙነት አላገኘም። ወሬው የማይጠፋው በጊዜው መገጣጠም ነው፤ የኦቲዝም ምልክት ጎልቶ የሚታየው ልጁ ሁለተኛውን ኩፍኝ በሚወስድበት ዕድሜ አካባቢ ነው።

እኛ ይበልጥ የምንሰጋው በአያያዝ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ሱዳን 15 ሕፃናት የሞቱት በተበከለ የኩፍኝ ክትባት ነው፤ የክትባቱን ዱቄት በፈሳሽ ለማቅጠን አንድ ሲሪንጅ ለብዙ ብልቃጥ ውሏል፣ ክትባቱም ያለ ቅዝቃዜ ለቀናት ቆይቷል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ይህን እዩ፦

ብልቃጡ ላይ ክብ፣ በውስጡም ትንሽ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ከነጣ ይሰጣል፤ ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ሙቀት አበላሽቶታል፣ ይጣላል። ይህ ምልክት ክትባቱ በረዶ መሥራቱን ግን አያሳይም። ፔንታና ፒሲቪ በረዶ ከሠሩ አሉሚኒየሙ ይጓጉላል፣ ኃይላቸውም ይጠፋል፤ ጥርጣሬ ካለ ባለሙያዋ ነቅንቃ ሆን ተብሎ በረዶ ከሠራ ሌላ ብልቃጥ ጋር ታወዳድረዋለች። ሲሪንጁ ዓይናችሁ እያየ ከአዲስ ማሸጊያ ይውጣ። የኩፍኝና የቢሲጂ ዱቄት ከራሱ ማቅጠኛ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ «መቼ ተበጠበጠ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብልቃጥ ለጥቂት ልጅ ላለመክፈት ሌላ ቀን ኑ ሊሏችሁ ይችላል፤ ከሩቅ ሰፈር የምትመጡ የሚከፈትበትን ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀድማችሁ ደውሉ። ልጁ ለኒኦማይሲን (በኩፍኝ ክትባት ውስጥ በጥቂቱ ለሚገኝ አንቲባዮቲክ) ወይም ለቀድሞ ክትባት ከባድ አለርጂ አሳይቶ ከሆነ ከመርፌው በፊት ተናገሩ፤ ከክትባቱም በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ቆዩ።

ቤት ስትመለሱ የተወጋውን ጭን አትሹ። የቢሲጂ ቁስል ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ቀስ ብሎ ጠባሳ ትቶ ይድናል፤ ቅቤም ቅባትም አትቀቡት። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ከመስጠታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፤ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም ይሸጣል፣ ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልኩን በልጁ ክብደት አስወስኑ። ከ3 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ካለቀሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መተንፈስ ከከበደው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ወዲያው ውሰዱት።

የልጁን እድገት ከክትባቱ ለይታችሁ ተከታተሉ። በሁለት ወር ፈገግታን በፈገግታ መመለስ፣ በ9 ወር ሳይደገፍ መቀመጥ፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ መዞር፣ በ18 ወር መራመድና በጣት ማመልከት፣ በሁለት ዓመቱ «እማ ና» ዓይነት ሁለት ቃል ማጋጠም ይጠበቃል። ያወቀውን ቃል ካጣ ወይም ስሙን ካልሰማ «የአባቱ ቤት ዘግይቶ ነው የሚናገረው» ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ከጤና ጣቢያም ወደ ሆስፒታል ሪፈር አስጽፉ፤ በአዲስ አበባ ለኦቲዝም ጆይና ነህምያ ማዕከላት አሉ።

በስጋት ክትባት ያቋረጣችሁ ካላችሁ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከአንድ አይጀመርም፤ በፔንታ መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይኑር።