ጥርት ያለ የጣት አሻራ እንዴት ይነሳል? በቀለምም በዲጂታልም

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት የሚውል ሰው አሻራ ሊሰጥ ሲቀመጥ መሣሪያው ደጋግሞ «እንደገና» ይለዋል። ቅርፊትና ቢላዋ ጣቱን ፍቀውታል፣ ውኃ አጨማዶታል። «አሻራ የለኝም ማለት ነው?» ብሎ ሲደነግጥ ማየት ያሳዝናል። አሻራማ አለው፤ የጎደለው ዝግጅት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብና በደንብ ማድረቅ። ውኃ ያጨማደደው ጣት እስኪመለስ ይጠበቅ። ላብ ካለው በአልኮል ይጠረግ፤ ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ ትንሽ ቅባት ነክቶ ትርፉን ማበስ።

በቀለም ሲሆን፣ ጥቁሩን የማተሚያ ቀለም መስታወት ላይ በሮለር ስስ አድርገው ይዘርጉት። ከበዛ በጣት መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አሻራውን ጥቁር ጠብታ ያደርገዋል። ካርዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ጣቱን ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ በአንድ ጊዜ ማንከባለል ነው፤ ወደኋላ መመለስ የለም። አውራ ጣት ወደ ሰውየው ሰውነት፣ ሌሎቹ አራቱ ወደ ውጭ ይንከባለላሉ፤ ክንዱ ከተወጠረበት ወደሚላላበት እንዲሄድ ነው። ሰው ሊረዳ ብሎ ራሱ ሲገፋ አሻራው ይበላሻል። «እማማ፣ እጅዎን ለእኔ ይልቀቁት፣ ወዲያ ይመልከቱ» ማለት ብቻ ብዙ ካርድ ያድናል። በመጨረሻ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ፣ አውራ ጣቶቹንም ጠፍጣፋ ያሳርፉ፤ የተንከባለሉት ቅደም ተከተላቸው አለመዛባቱ የሚመሳከረው በእነዚህ ነው።

በዲጂታል መስታወቱን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ይጥረጉ፤ የቀደመው ሰው ወዝ ከአዲሱ አሻራ ጋር ይነሳል። አብዛኛው መሣሪያ የሚያነበው መስታወቱን የነካውን መስመር ብቻ ስለሆነ ደረቅ ጣት የተቆራረጠ ሆኖ ይወጣል፣ አጥብቆ የተጫነም ይደፈጠጣል። ለፋይዳ አሥሩም ጣት የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ስህተቱ እዚያው ታይቶ መደገሙ ነው።

የትኛውን መጠቀም እንዳለብዎ የሚወስነው አሻራውን የጠየቀው አካል ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ኤፍዲ-258 በሚባለው ካርድ በቀለም የተነሳ አሻራ ይቀበላል። ለውጭ አገር ከሆነ ሁለት ካርድ ይሙሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ጣት ከሌለ ሣጥኑን ባዶ አይተዉ፣ መቆረጡ ይጻፍበት። አዲስ ቁስል ካለ ግን ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል፤ ቁስሉ ላይ ላዩን ከሆነ መስመሮቹ እንደነበሩ ይመለሳሉ።