ለወረዳ ሐሳብ ስታቀርቡ መዝገብ ቤትን አትለፉት

ሰፈራችን ውስጥ ክዳኑ የተሰረቀ የጎርፍ ቦይ ነበር። ክረምት ላይ ውሃው መንገዱን ስለሚሞላው ቦዩ የት ጋ እንዳለ አይታይም። አንድ ቀን ማታ እኔም እስከ ጉልበቴ ገብቼበታለሁ። እሱን ለማስከደን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ግማሹ ጥፋት የራሴ ነው። የምነግራችሁ የአዲስ አበባውን ነው፤ ሌላ ከተማ ያላችሁ ወረዳ ስል ቀበሌ በሉት።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ። የተሰበረ የውሃ ቧንቧ የውሃና ፍሳሽ ነው። የዘመመ የመብራት ምሰሶ የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ዋና መንገድ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የሰፈር ቦይ፣ የቆሻሻ ገንዳ ቦታ ከሆነ ከወረዳ ጀምሩ።

ቀጥሎ ጎረቤት። ከእድር የተሻለ ቦታ የለም፤ ሰው በአንድ ቀን ይገኛል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ አስሞሉ። ቴሌግራም ላይ አውራ ጣት ያሳየ ሁሉ ፈራሚ እንዳይመስላችሁ፤ እስክሪብቶ ስትሰጡት "ቆይ ባለቤቴን ላማክር" ይላል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ፣ ጉዳዩም አንድ ይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመብራት እስከ ባለቤት አልባ ውሻ ሰባት ነገር ነበረው። አንብበው "ይሄ ቅሬታ ነው" አሉና ወደ ቅሬታ ሰሚ መሩት። ሐሳብ እንዲባል መፍትሔ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ላይ ቦዩን በሜትር ለክቼ፣ ፎቶ አያይዤ፣ ክዳኑ ከብረት ይልቅ ከኮንክሪት ቢሆን ቆራሌው እንደማይወስደው ጻፍኩ። "እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?" መባሉ አይቀርም። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ስንት ሰፈር እንዳዋጣ ታስታውሳላችሁ። እኛ አሸዋውንና ጉልበቱን ቻልን። ወረዳው በር ላይ ደብዳቤ ለሚጽፉት ሰዎች መክፈል ግን አልመክርም፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይበላል።

አሁን ዋናው፣ መዝገብ ቤት። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ደብዳቤውን በቀጥታ ለኃላፊው በእጁ ሰጠሁት። ጥሩ ሰው ነው፤ "እናየዋለን" አለኝ፣ ሻይም ጋበዘኝ። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ደብዳቤው የለም። መግባቱን የሚያሳይ ቁጥርም የለኝም። ፊርማውን እንደገና ለማሰባሰብ ስዞር የሰፈሩ ሰው እንዴት እንዳየኝ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ይገባል። ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማህተምም አስመቱ። ከዚያ ቤት አስቀምጡት፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት። ደብዳቤው ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደተመራም እዚያው ጠይቁ፣ በማግስቱ የምታንኳኩት በር እሱ ነውና። ለክፍለ ከተማው ግልባጭ ማድረግ አይከፋም፤ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ብዙ አይተኛም። "ኃላፊው ሳያዩት አልቀበልም" የሚል ቢያጋጥማችሁ አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። እኔ ግን መስኮት ላይ አንቀጽ ጠቅሼ የተሳካልኝ ቀን የለም። "እባክሽ እህቴ" ይበልጥ ይሠራል።

ጊዜውንም አስቡበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። እኔ ጎርፉ ሲያናድደኝ ነሐሴ ላይ ጻፍኩ፤ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ አስገቡ። ቦዩ ያን ጊዜ ደረቅ ነውና የክረምቱን ፎቶ አስቀድማችሁ አንሱ።

ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ነው። "ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲሏችሁ መቼ እንደሚመለሱ ጠይቁና በዚያው ሰዓት ተገኙ። ወረዳው የነዋሪ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አትቅሩ፤ እጅ አውጥታችሁ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ብቻ ተናገሩ። ለእኛ መልስ የመጣው እንዲህ ካልኩ በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው።