ዋይፋይን ከባህር ዛፉ ማዶ ማድረስ፦ የውጭ አንቴና አተካከል

ራውተሩ ያለው ዋናው ቤት ውስጥ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ደግሞ 250 ሜትር ይርቃል። ደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ ጫጫ፣ ሰላ ድንጋይ ወይም መሐል ሜዳ፣ ግቢው ሰፊ በሆነበት ቦታ ሁሉ ይህ ጣጣ አለ። ስልኩ የዋይፋዩን ስም ያሳያል፣ ሲነኩት ግን አይገባም። የራውተሩ ሞገድ እየተንጠባጠበ ስልኩ ጋ ቢደርስም፣ አቅመ ደካማው ስልክ የሚመልሰው ራውተሩ ጋ አይደርስም። ከላይ የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲጨመርበት ነገሩ ያበቃል። ጭቃ ቤት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ቆርቆሮ ግን ሞገዱን እንደ መስታወት ይመልሰዋል።

አቅጣጫ ያለው አንቴና አዲስ ኃይል አይፈጥርም። ዙሪያውን ሊበተን የነበረውን ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ይልካል፤ ከዚያው ወገን የሚመጣውንም አጥርቶ ይሰማል። አቅሙ የሚለካው በዲቢአይ ነው፤ መሀል ላይ የሚጋርድ ነገር ከሌለ 6 ዲቢአይ ሲጨምር የሚደርስበት ርቀት እጥፍ ይሆናል። በምላሹ ጨረሩ ይጠባል። 9 ዲቢአይ የሆነው ሲፒኢ 210 (የቲፒ-ሊንክ ትንሽ የውጭ አንቴና) ወደ ጎን 65 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ 24 ዲቢአይ የሆነ ዲሽ ግን 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ለ250 ሜትር ዲሽ አያስፈልግም፤ ትርፉ የማነጣጠር ድካም ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲገዛ ነው። አንቴናውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ በ10 ሜትር ቀጭን የአንቴና ኬብል ቤት ውስጥ ካለው ራውተር ጋር ያገናኘዋል። ያ ኬብል በ2.4 ጊጋኸርዝ (በተለመደው የዋይፋይ ሞገድ) በየሜትሩ 1 ዲቢ ገደማ ይበላል፤ 10 ሜትር ማለት ከኃይሉ አስር እጁ ዘጠኙ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሬዲዮውና አንቴናው አንድ ላይ የታሸጉበትን የውጭ መሣሪያ ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ለማዶ። ወደ ላይ የሚወጣው ተራ የኔትወርክ ኬብል ብቻ ይሆናል፤ መብራቱም በዚያው ኬብል ይሄዳል። በሁለቱ ቤቶች መሀል ጥቂት ቅርንጫፍ ካለ 2.4 ጊጋኸርዝ ይምረጡ። እይታው ጥርት ያለ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፤ የጎረቤት ዋይፋይም ብዙ አይረብሸውም።

ሌላው ዕቃ ይህ ነው፦ 2 የጋልቫናይዝድ ቱቦ ከነማሰሪያው፣ ለውጭ የተሠራ ጥቁር የኔትወርክ ኬብል፣ ኮኔክተሮች፣ ለማዶው ቤት 1 ተራ ራውተር፣ 2 ስታቢላይዘር (የመብራት መዋዠቅ መከላከያ)፣ ለእያንዳንዱ ምሰሶ 1.5 ሜትር የመሬት (ኧርዝ) ዘንግና 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ። ኬብሉ ሙሉ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይጥላል፣ መሣሪያውም እየጠፋ ይነሳል። ግራጫው የቤት ውስጥ ኬብል የደጋውን ፀሐይ አይችልም፤ ልባሱ ተሰነጣጥቆ ውሃ ይገባበታል።

ምሰሶው ምን ያህል ይርዘም? ማዶውን በዓይን ማየት ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ መሀል ላይ እንደ እንዝርት ሆዱ ይሰፋል። በ300 ሜትር ርቀትና በ2.4 ጊጋኸርዝ የዚህ ሆድ ግማሽ ስፋት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ሜትር ያህሉ፣ ከቆርቆሮ ጫፍም ከዛፍ አናትም ነፃ መሆን አለበት። ቱቦውን በጭቃ ግድግዳ ላይ አይሰሩት፤ ነፋስ ሲወዘውዘው ግድግዳውን ይነቅለዋል። 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው በሲሚንቶ ያቁሙት፣ በቱንቢ ያስተካክሉት፣ ከላይ ከጣሪያው እንጨት ጋር ይሰሩት። ከመብራት መስመር ያለው ርቀት ከቱቦው ርዝመት መብለጥ አለበት፤ ቢወድቅ ሽቦው ላይ እንዳያርፍ። በዚህ ነገር ሰው ይሞታልና እንደ ቀላል አይዩት።

ከመስቀልዎ በፊት ሁለቱንም መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አገናኝተው ይሞክሩ። ዋናው ቤት ያለው በአክሰስ ፖይንት (አሰራጭ)፣ የማዶው በክላየንት (ተቀባይ) ይዋቀር። የራውተሩ የኔትወርክ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ለአንቴናዎቹ 192.168.1.2 እና 192.168.1.3 ይስጡ። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት፤ በ2.4 ከሆነ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጭር ያለውን ቻናል ይምረጡ። የማዶውን ራውተር አድራሻ 192.168.1.4 አድርገው አድራሻ ማደሉን (ዲኤችሲፒ የሚለውን) ያጥፉበት፤ ከዚያ ኬብሉን ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ሁለት ራውተሮች አድራሻ ሲያድሉ ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ሰውም ጥፋቱን አንቴናው ላይ ይጥላል። ኃይል የሚሰጠው አዳፕተር ሁለት ቀዳዳ አለው፦ ላን የሚለው ወደ ራውተር፣ ፒኦኢ የሚለው ወደ አንቴናው። አዛውረው ከሰኩ 24 ቮልት ወደ ራውተሩ ይገባል፤ ሊያቃጥለውም ይችላል።

ማነጣጠር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ምሰሶው ሥር ይቆማል፣ ሌላው የማዶውን አንቴና ገጽ በስልክ ከፍቶ የሞገዱን ብርታት ቁጥር (በዲቢኤም) ያነባል። ብሎኑን አንቴናው በእጅ እስኪዞር ብቻ ያላሉት፤ በጣት ስፋት ያዙሩት፣ እጅዎን ያንሱ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ 10 ሰከንድ ይጠብቁ። የመጀመሪያው ጥሩ ቁጥር ላይ አያቁሙ፤ ጨረሩ ከዋናው ሌላ የጎን ቅርንጫፍ አለውና ከዳር እስከ ዳር ዞረው ከፍተኛውን ይለዩ። ከ-50 እስከ -65 ዲቢኤም ጥሩ ነው፤ ከ-75 በታች ከወረደ በቀላሉ ይቋረጣል። ከ-35 በላይ ከሆነ ደግሞ ጩኸት በዝቶበታልና የመላኪያውን ኃይል ይቀንሱ። ሁለቱም መሣሪያዎች ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አንዱ ወደ ጎን ከተጋደመ ሞገዱ ሊባክን ይችላል። እንደ አንኮበርና ጣርማበር ባለ ቁልቁለት የከፍታውን ልዩነት ይቁጠሩ፦ በ300 ሜትር ርቀት 40 ሜትር ዝቅ ያለ ቤት 7.6 ዲግሪ ወደ ታች ነው። ሲፒኢው ሳያጎነብስ ይሸፍነዋል፤ ዲሽ ግን ካላጎነበሰ በላዩ ያልፋል።

ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ይውጣ፤ ውሃው ጎባጣው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ አዳፕተሩም አይሄድም። ምሰሶውን በመዳቡ ሽቦ ከመሬት ዘንግ ጋር ያገናኙት፣ ዘንጉንም ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር። ይህ ግን በቀጥታ የሚወድቅ መብረቅን አያስቆምም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ አዳፕተሩን ከመብራትም ከራውተርም ይንቀሉ።

ኔትወርኩ ጠዋት ጠዋት ሲደክም ብዙ ሰው ጉም ነው ይላል። በዚህ ርቀት ጉም ለ2.4ም ለ5 ጊጋኸርዝም ምንም አያደርግም። የሚጎዳው ጉሙ ቅጠሉ ላይ የሚተወው ውሃ ነው፤ የረጠበ ባህር ዛፍ ሞገዱን ይውጠዋል። ረፋድ ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ከተስተካከለ ዛፉ ነው። ቅጠሉም ደርቆ ካልተስተካከለ ኮኔክተሩን ይንቀሉና ይዩ፤ የወርቅማዎቹ ጥርሶች ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ቆርጠው አዲስ ይግጠሙ።

ዛፉን ማስቆረጥም ለጊዜው ነው። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡቃያው እዚያው መስመር ላይ ይቆማል። ቱቦውን ዛሬ ሲያቆሙ 2 ሜትር ትርፍ ይተዉለት፣ አንቴናውን ግን እንደገና ሲያነሱት እንዲመች መሰላል በሚደርስበት ከፍታ ይሰሩት።