«አጥፍቼዋለሁ እኮ!»፦ ክላውድ ስትጀምሩ የሚያስከፍሏችሁ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። አንዱ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። «አቦ፣ ሰርቨሩን ካጠፋሁት ወር አለፈው፤ ይሄ ዶላር የምንድነው?»

ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለውን አካውንቱን ከፍተን አየነው። ማሽኑ እውነትም ቆሟል። 100 ጊጋው ዲስክ ግን አለ። ያስያዘው አይፒም (የኢንተርኔት አድራሻው) አለ። ስንቴ ልናገር? ስቶፕ ዲሊት አይደለም! ቤት ቆልፋችሁ ሐረር ዘመድ ጋ ብትከርሙ ኪራይ ይቆማል? ዕቃችሁ እኮ ውስጥ ነው። የአማዞንን ዋጋ ለምሳሌ እንውሰድ፦ ቨርጂኒያ ባለው የዳታ ማዕከሉ ጂፒ3 የሚባለው ዲስክ ለአንድ ጊጋ በወር 0.08 ዶላር ነው። 100 ጊጋ 8 ዶላር መጣ። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ያስያዛችሁት አይፒ፣ ሠራም አልሠራም፣ በሰዓት 0.005 ዶላር ይቆጥራል። በወር 3.60 ገደማ። ለቆመ ማሽን!

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለሙከራ የከፈትኩትን ዳታቤዝ ረስቼ ሦስት ወር ገብሬያለሁ። የበጀት ማስጠንቀቂያ የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ሥሩት። ደግሞ ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ይልክላችኋል እንጂ ምንም አያጠፋላችሁም።

ሌላው፣ ለመጋላ ሱቅ የዕቃ መዝገብ ብሎ ባዶ ሰርቨር የሚከራይ አለ። ኢንፍራስትራክቸር፣ ማለትም እንዲህ ባዶውን ማሽን፣ ስትከራዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ማዘመን፣ ፋየርዎሉ፣ ባክአፑ፣ ሁሉም የእናንተ ጣጣ ነው። ፕላትፎርም፣ ማለትም ኮድ ለማስኬድ የተሰናዳውን፣ ከወሰዳችሁ ኮዳችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ የቀረውን እነሱ ያያሉ። ለሱቁ ግን ጉግል ሺትስ ይበቃዋል። እሱም እኮ ክላውድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ተዘጋጅቶ የሚመጣበት ዓይነት።

ባንኮኒ ሥር በድሬ ሙቀት የሚንቃቃውን አንድ ኮምፒውተር «ፕራይቬት ክላውድ» (ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሠራ ክላውድ) ማለትም ይቅርብን።

የኬፕታውኑ የዳታ ማዕከል አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ለእኛ ይፈጥናል ብላችሁም አትምረጡ። ዳታ የሚሄደው በኬብል እንጂ በካርታ አይደለም። ከራሳችሁ መስመር ፒንግ አድርጉና (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ስንት እንደሚፈጅ ለኩና) እዩት። ዋጋውም ከቨርጂኒያው ይወደዳል።

የክላውድ አካውንታችሁን የይለፍ ቁልፍ የኮድ ማጋሪያው ጊትሀብ ላይ ከነኮዱ አትልቀቁ። ይሄንን አላብራራም።

ያ ልጅ ማታ ደወለልኝ። «ዲስኩንም አይፒውንም ሰርዣለሁ፣ ተገላገልኩ!» አለኝ። «የዲስኩን ቅጂዎች፣ ስናፕሾቶቹንስ?» አልኩት። እነሱም ይቆጥራሉ። ዝም አለ። ከዚያ ላፕቶፑን ሲከፍት ሰማሁት።